ማኅደሩን የሚያውቀው ሰው፦ የጠበቃ ዊልያም ኖይ ጉዳይ

ለምን ይህን ጉዳይ መረጥኩ

አንድ የሕግ ባለሙያ መንግሥትን ሲሞግት ኖሮ የመንግሥት ጠበቃ ሲሆን ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ተገዛ ወይስ ሐሳቡን ለወጠ? ጥያቄው ለቡና ወሬ ይመቻል። ለጥናት ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም የሰውየውን ልብ እንጂ ሥራውን አያሳየንም።

የዊልያም ኖይ ጉዳይ ሥራውን ያሳየናል። ኖይ በቀዳማዊ ጄምስና በልጁ በቀዳማዊ ቻርልስ ዘመን የኖረ እንግሊዛዊ ጠበቃና የፓርላማ አባል ነው። ንጉሡ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ገንዘብ እንዳይሰበስብ በፍርድ ቤትም በፓርላማም ተሟግቷል። በመጨረሻም ያለ ፓርላማ ፈቃድ ከተሰበሰቡት ግብሮች ሁሉ በጣም የተጠላውን በገዛ እጁ ያረቀቀው እሱው ነው። እኔ ጉዳዩን ደጋግሜ ሳየው የሚገርመኝ መገልበጡ አይደለም። አሠራሩ አንዲት ጋት እንኳ አለመቀየሩ ነው።

  ቀናቱም ዓመታቱም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየውና ዘመኑ

ኖይ በ1577 በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በኮርንዋል ተወለደ። ጥቂት ጊዜ ኦክስፎርድ፣ ኤክሰተር ኮሌጅ ቆየና በ1594 ለንደን የሚገኘው ሊንከንስ ኢን ገባ። ሊንከንስ ኢን የጠበቆች ማኅበርም፣ ትምህርት ቤትም፣ መኖሪያም ነው። በ1602 ጠበቃ ሆነ፤ ከ1604 ጀምሮ ደግሞ በኮርንዋል ትናንሽ ከተሞች እየተመረጠ ፓርላማ ይገባ ነበር።

በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ሲገልጹት ደረቅ፣ ቁጥብ፣ ሰው የማያባብል ነበር ይላሉ። ንግግሩ አያምርም። ጉልበቱ ሌላ ቦታ ነበር፦ ማኅደር ማገላበጥ ላይ። የለንደን ግንብ በሚባለው ምሽግ ውስጥ የብዙ መቶ ዓመታት የመንግሥት መዝገብ በብራና ጥቅል ተከማችቶ ነበር። ጽሑፉ በላቲንና በአሮጌ ፈረንሳይኛ ነው፤ የእጅ ጽሑፉም ዓይን ያደክማል። እዚያ ገብቶ የሚፈልገውን ነገር ይዞ የሚወጣ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ኖይ ከእነሱ አንዱ ነው።

ይህ ችሎታ ለምን ያን ያህል ዋጋ እንደነበረው ለመረዳት የእንግሊዝን ሕግ ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የተሰበሰበ የሕግ መጽሐፍ የለም። ሕጉ ባብዛኛው የቆየ ልማድና የቆየ ውሳኔ ነው። "ከ300 ዓመት በፊት እንዲህ ተደርጓል" ብሎ ብራናውን ያወጣ ሰው ግማሹን ክርክር አሸነፈ ማለት ነው። ስለዚህ ማኅደሩ የታሪክ ዕቃ ማስቀመጫ ብቻ አልነበረም። የመሣሪያ ግምጃ ቤት ነበር።

ሌላው ነገር ገንዘብ ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ በልማድ ከገዛ መሬቱና ከጉምሩክ በሚያገኘው ይተዳደራል። ጦርነት ሲመጣ ፓርላማውን ጠርቶ ተጨማሪ ግብር ይጠይቃል። ቻርልስ በ1625 ነገሠ፤ ወዲያው ከስፔን፣ ቀጥሎ ከፈረንሳይ ጋር ተዋጋ። ፓርላማው ግን የሚሰጠው ትንሽ፣ የሚያቀርበው አቤቱታ ብዙ ሆነበት። ንጉሡም ሌላ በር ፍለጋ ገባ።

በአንደኛው ወገን፦ ከ1621 እስከ 1629

ኖይ ስሙ የወጣው በ1621 ፓርላማ ነው። የዚያን ጊዜ ትልቁ ብሶት ሞኖፖል ነበር። ንጉሥ ጄምስ ለቤተ መንግሥት ሰዎች አንድን ንግድ ብቻቸውን የመያዝ መብት ይሰጥ ነበር። ሰር ጃይልስ ሞምፔሰን የሚባል ሰው ለእንግዳ ማረፊያ ቤቶች ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን ይዞ ሕዝቡን ይበዘብዝ ነበር። ኖይ ከታላቁ የሕግ ሰው ከኤድዋርድ ኩክ ጋር ሆኖ ጉዳዩ እንዲመረመር ገፋ።

ችግሩ፣ ፓርላማው ሰውየውን በምን ሥልጣን ይቅጣው የሚለው ነበር። ኖይና ዊልያም ሄክዊል የሚባል ሌላ ጠበቃ ወደ ግንቡ ተላኩ፤ ቀዳሚ አሠራር ፈልጉ ተባሉ። ፈልገው የመጡት መልስ፣ የተመራጮቹ ምክር ቤት እንዲህ ያለውን ጥፋት ብቻውን መቅጣት አይችልም፣ ወደ መኳንንቱ ምክር ቤት ማቅረብ ግን ይችላል የሚል ነበር። በዚህ መንገድ ከ1459 ወዲህ ተረስቶ የኖረው ባለሥልጣንን በፓርላማ የመክሰስ ሥርዓት ከሞት ተነሣ። ሞምፔሰን አገር ጥሎ ጠፋ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የመንግሥቱ ከፍተኛ ዳኛ ፍራንሲስ ቤከን በጉቦ ተከሶ በዚያው በር ወደቀ። ጥቂት ብራና አገላብጦ የዚህን ያህል ሰው ከወንበር ማውረድ፣ ለማኅደር ፈላጊ ከዚህ የበለጠ ድል የለም።

ሁለተኛው ጉዳይ የአምስቱ ባላባቶች ክስ ነው። በ1626 ማለቂያ ቻርልስ ባለሀብቶችን "አበድሩኝ" አለ። ብድር ተባለ እንጂ ግዴታ ነበር። ብዙዎች እምቢ ብለው ታሰሩ። ከታሰሩት አምስቱ በ1627 አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ አቀረቡ። አቤቱታው በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ላይ ያለው ዓይነት ነው። ታሳሪው ፍርድ ቤት ይቅረብና የታሰረበት ምክንያት ይነገር ነው ጥያቄው። የእስር ቤቱ ኃላፊ የሰጠው መልስ አጭር ነበር፦ "በንጉሡ ልዩ ትእዛዝ።" ወንጀል አልተጠቀሰም።

ለባላባቶቹ ከቆሙት ጠበቆች መካከል ኖይ፣ ጆን ሴልደንና ጆን ብራምስተን ነበሩ። ኖይ ሰር ዋልተር ኧርልን ወክሎ ተከራከረ። ክርክራቸው ከ1215ቱ ማግና ካርታ ይነሣል፦ ነጻ ሰው ከአገሩ ሕግ ውጭ አይታሰርም። "ንጉሥ አዟል" የሚለው ቃል ብቻውን ሕግ ከሆነ፣ አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን ያለ ክስ ሊታሰር ይችላል ማለት ነው። ዳኞቹ ዋስትና ከለከሉ፤ ባላባቶቹ ወደ እስር ቤት ተመለሱ። ክርክሩ ግን አልሞተም። በሚቀጥለው ዓመት ፓርላማው የመብት አቤቱታ የሚባለውን ሰነድ አዘጋጅቶ ንጉሡ እንዲቀበለው አደረገ፦ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ግብር የለም፤ ምክንያት ሳይገለጽ እስራት የለም። ኖይም በዚያ ፓርላማ ነበረ።

በ1629 መጀመሪያ ላይ ንጉሡ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ጉምሩክ መሰብሰቡ እንደገና ተነሣ። ኖይ እዚህም ጠንካራ ነበር። የእናንተ ያልሆነውን ነገር መስጠት አትችሉም፤ ስለዚህ መጀመሪያ መብቱ የእናንተ መሆኑ ይረጋገጥ፣ ከዚያ ትሰጣላችሁ የሚል ነበር አቋሙ። መጋቢት 2 ቀን አፈ ጉባኤው ስብሰባውን ሊበትን ሲነሳ ሁለት አባላት ይዘው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። ፓርላማው ተበተነ፤ ለ11 ዓመት አልተጠራም። ሴልደን ታሰረ። ዋናው ተቃዋሚ ሰር ጆን ኤሊየትም ታሰረ፤ በ1632 እዚያው ግንቡ ውስጥ ሞተ።

ኖይ አልታሰረም።

መሻገሩ

በጥቅምት 1631 ቻርልስ ኖይን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አድርጎ ሾመው። ከእሱ በፊት ቦታውን የያዘው ሮበርት ሂዝ ነበር። በ1627 ክስ ላይ ከኖይ ፊት ለፊት ቆሞ የተከራከረው ያው ሂዝ ነው።

ስለ ሹመቱ በዘመኑ የተወራ ነገር አለ። ንጉሡ ጠርቶ ሲነግረው ኖይ አመሰግናለሁም ሳይል ደመወዙ ስንት ነው ብሎ ጠየቀ ይባላል። መልእክተኛ አጃቢ ሲመደብለትም፣ ሰው አይቶ ታስሮ የሚሄድ ይመስለዋል ብሎ ተናደደ ይላሉ። ወሬው እውነት ይሁን አይሁን ሰውየውን ይመስላል። ሹመቱ አላሰከረውም።

ብቻውንም አልተሻገረም። ከእሱ በፊት በ1628 ቶማስ ዌንትወርዝ ተሻግሯል። ከእሱ በኋላ በ1634 ኤድዋርድ ሊትልተን ተከተለ። የቻርልስ መንግሥት የፓርላማ ተቃዋሚን ማሰርም መሾምም ያውቅበት ነበር።

ለምን ተሻገረ? ከሁሉ የሚያሳምነኝ ግምት የክላረንደን ነው። ክላረንደን የንጉሡ ወገን የነበረ የታሪክ ጸሐፊ ስለሆነ ኖይን የሚጠላበት ምክንያት የለውም። የቤተ መንግሥት ሰዎች አሞካሹት ይላል። ሌላው ሁሉ ሕግ አይደለም የሚለውን ነገር ሕግ አድርጎ ካሳየ፣ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ሕግ ማወቁ የሚረጋገጥ መሰለው። ይህን ሳነብ ከጉቦ ይልቅ የሚያስፈራ ነገር አያለሁ። ጉቦ የበላ ሰው ቢያንስ ያፍራል። በችሎታው የተሞገሰ ሰው ግን ኩራቱ ራሱ ወደፊት ይገፋዋል።

የተወሰዱት እርምጃዎች

የመጀመሪያው ሳሙና ነው። በ1624 ፓርላማው ሞኖፖልን የሚከለክል ሕግ አውጥቷል፤ ኖይም አባል ነበር። ሕጉ ግን ቀዳዳ ነበረው። ግለሰብ ሞኖፖል አይያዝ አለ እንጂ በቻርተር የተቋቋሙ ማኅበራትን አልነካም። ለአዲስ የፈጠራ ሥራም የጊዜ ገደብ ያለው መብት ፈቅዷል። በ1632 መጀመሪያ ላይ የሳሙና ሠሪዎች ማኅበር ተቋቋመ። በአገር ውስጥ ዕቃ፣ በአዲስ ዘዴ ሳሙና እሠራለሁ አለ፤ ለንጉሡም በየቶኑ 4 ፓውንድ ሊከፍል ተስማማ። በወረቀት ላይ ሁለቱም ቀዳዳዎች ተሟልተዋል።

ከማኅበሩ ሰዎች አንዳንዶቹ ከካቶሊኮች ጋር የተያያዙ ስለነበሩ ለንደን "የጳጳሱ ሳሙና" ብላ ሰየመችው። ልብስ ያበላሻል፣ የአጣቢዎችን እጅ ይልጣል ተባለ። መንግሥት በከንቲባው ፊት ሁለት አጣቢ ሴቶች በአደባባይ እንዲወዳደሩ አደረገ። የማኅበሩ ሳሙና አሸነፈ ተብሎ ታወጀ። ማንም አላመነም። አልታዘዝም ያሉ የቆዩ ሳሙና ሠሪዎችን ስታር ቻምበር በሚባለው የንጉሡ ልዩ ችሎት ያስከሰሰው ኖይ ነበር። በ1621 ሞኖፖልን የወጋው ሰው ማለት ነው።

በዚያው ችሎት በ1634 ዊልያም ፕሪን የሚባለውን ጠበቃ ከሰሰ። ፕሪን ቴያትርን የሚያወግዝ ትልቅ መጽሐፍ ጽፎ ንግሥቲቱን ሰድበሃል ተብሎ ነበር። የሊንከንስ ኢን ሰው ነው፤ የኖይ የማኅበር ወንድም። 5,000 ፓውንድ ተቀጣ፣ የዕድሜ ልክ እስር ተፈረደበት፣ ጆሮውም ተቆረጠ።

ጊዜ ያለፈባቸውን የጥንት የንጉሥ ደኖች ወሰንም ማስፈተሽ ጀመረ። በድሮው ካርታ ደን የነበረ መሬት ላይ የሰፈረ ሁሉ ይቀጣል። ይህን ሌሎች ጨረሱት።

ዋናው ሥራ የመርከብ ገንዘብ ነው። በጥንት ጊዜ ጦርነት ሲመጣ የወደብ ከተሞች ለንጉሡ መርከብ ያቀርቡ ነበር። ይህ እውነተኛ ልማድ ነው፤ ፈጠራ አይደለም። ኖይ በማኅደሩ ውስጥ የድሮዎቹን የትእዛዝ ደብዳቤዎች አገኘ። በእነሱ ልክ አዲስ ደብዳቤ አረቀቀ። ምክንያቱ የባሕር ወንበዴ ነበር፤ ይህም ባዶ ሰበብ አይደለም። ከሰሜን አፍሪካ የሚነሱ መርከቦች በ1620ዎቹ የራሱን የኖይን አገር ኮርንዋልን ወርረው ሰው ይዘው ሄደዋል። ደብዳቤው ወደቦችን ይህን ያህል ቶን የሚጭን መርከብ፣ ይህን ያህል ሰው፣ ይህን ያህል ስንቅ አቅርቡ ይላል። ትልቅ የጦር መርከብ ማቅረብ የምትችለው ለንደን ብቻ ስለሆነች ሌላው በገንዘብ ይከፍላል።

የሥራው ብልኃት እዚህ ላይ ነው። የመብት አቤቱታው ያለ ፓርላማ ግብርን ይከለክላል። ኖይ ያረቀቀው ነገር ግን ግብር አይባልም፤ አገልግሎት ነው የሚባለው። ገንዘቡ የመርከቡ ምትክ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በ1628፣ ንጉሡ ተመሳሳይ ገንዘብ ከመላው አገር ሊሰበስብ ሞክሮ ወዲያው ትቶት ነበር። ኖይ ግን በወደቦቹ ጀመረ፤ በማኅደር የሚደገፈው ክፍል ይህ ነውና።

ደብዳቤው ጥቅምት 20 ቀን 1634 ወጣ። ኖይ አላየውም። በጠጠር በሽታ ተሠቃይቶ በነሐሴ ሞቶ ነበር።

የሠራውና ያልሠራው

በገንዘብ በኩል ሠርቷል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1635፣ ትእዛዙ ወደ መሐል አገር ሁሉ ተዘረጋ፤ በዓመት ወደ 200,000 ፓውንድ ተጠየቀ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተጠየቀው ዘጠኝ እጁ ከአሥሩ በላይ ገባ። ለዚያ ዘመን አስተዳደር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ገንዘቡም ለተባለው ሥራ ዋለ፤ መርከቦች ተሰማሩበት።

ያልሠራው ሕጋዊነቱ ነው። በወደብ ላይ ማኅደሩ ይደግፈዋል። ባሕር አይቶ በማያውቅ መንደር ላይ ግን ድጋፉ ሳሳ። በየዓመቱ ሲደገም ደግሞ "አስቸኳይ አደጋ" የሚለው ቃል ትርጉም አጣ። የቡኪንግሃምሺሩ ባለመሬት ጆን ሃምደን በአንድ መሬቱ ላይ የተጣለበትን 20 ሽልንግ አልከፍልም አለ። ገንዘቡ ለእሱ ኢምንት ነው። የፈለገው ፍርድ ነበር።

ክርክሩ በ1637 መጨረሻ ተሰማ። የሃምደን ጠበቃ ኦሊቨር ሴንት ጆን የሊንከንስ ኢን ልጅ ነው፤ የኖይ ቤት ማለት ነው። ንጉሡ አገር የመጠበቅ ሥልጣን እንዳለው አልካደም። እንዲህ ብሎ ነው የያዛቸው፦ ደብዳቤው መርከቡን ለማዘጋጀት ሰባት ወር ይሰጣል፤ ፓርላማ ለመጥራት ደግሞ 40 ቀን ይበቃል፤ ታዲያ አስቸኳዩ ነገር የቱ ነው? ከማኅደር ያወጣቸው ማስረጃዎችም የትየለሌ ነበሩ። ለንጉሡ ከተከራከሩት አንዱ በ1628 የመብት አቤቱታውን የደገፈው ሊትልተን ነበር።

አሥራ ሁለቱ ዳኞች ለሁለት ተከፈሉ። ሰባቱ ለንጉሡ፣ አምስቱ ለሃምደን ፈረዱ። ከአምስቱ አንዱ በ1627 ከኖይ ጎን ቆሞ የተከራከረው ብራምስተን ነው፤ አሁን ዋና ዳኛ ሆኗል። የእሱ ምክንያት ጠባብ የሥነ ሥርዓት ነጥብ ቢሆንም ድምፁ ተቆጥሯል። ንጉሡ አሸነፈ፤ ነገር ግን 7 ለ 5 የሆነ ፍርድ ሰው የሚሰማው እንደ ሽንፈት ነው። በ1639 ከተጠየቀው ሩቡ እንኳ አልገባም። ፓርላማ በ1640 ሲመለስ ከቀዳሚ ሥራዎቹ አንዱ ይህን ማፍረስ ሆነ፤ በ1641 የመርከብ ገንዘብ ሕገ ወጥ ነው ተብሎ ታወጀ። በ1642 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሣ ደግሞ በዚያ ገንዘብ የተጠናከረው የባሕር ኃይል አብዛኛው ለፓርላማው ወገነ።

ስለ ኖይ የግል መጨረሻ ጥቂት ልበል። ሲሞት ለንደን ያለቀሰች አትመስልም። አስከሬኑ ሲከፈት ውስጡ አሮጌ አዋጅና ሳሙና የተገኘበት ሰው የሚታይበት ኮሜዲ በመድረክ ቀረበ ተብሎ በዘመኑ ተጽፏል። ኑዛዜው የባሰ ነው። የቀረውን ሀብቴን ለልጄ ለኤድዋርድ ትቻለሁ፣ ይበትነው፣ ከእሱ የተሻለ ነገር ጠብቄም አላውቅ የሚል ነበር። ልጁ ከሁለት ዓመት በኋላ በሁለት ሰዎች የሰይፍ ግጥሚያ ተገደለ።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ በሙያው ያፈራው መልካም ፍሬም አለ። ወጣት ጠበቆችን ያስተምር ነበር። ከእነሱ አንዱ ማቲው ሄል ነው፤ ሰዎች "ትንሹ ኖይ" ይሉት ነበር። ሄል በኋላ ከእንግሊዝ እጅግ ከተከበሩ ዳኞች አንዱ ሆነ።

ከጉዳዩ የሚወሰድ

ለእኔ ዋናው ነጥብ ጥያቄው ላይ ነው። ኖይ በ1621 የተጠየቀው "ለዚህ ሥራ ቀዳሚ አሠራር አለ?" ነበር። በ1634ም የተጠየቀው ይኸው ነው። ሁለቱንም ጊዜ "አለ" አለ፤ ሁለቱንም ጊዜ አልዋሸም። ልዩነቱ በመጀመሪያው ጊዜ መልሱን ለብዙ መቶ ሰዎች ጉባኤ አቅርቦ እዚያ መፈተኑ ነው። ጉባኤው ቀዳሚውን አሠራር ተቀበለው፣ ከዘመኑ ጋር አስማማው፣ ኃላፊነቱን ወሰደ። በሁለተኛው ጊዜ መልሱን የሰማው ለማድረግ ቀድሞ የወሰነ አንድ ደንበኛ ብቻ ነበር። የሕግ አማካሪ ሆኖ የሚሠራ ሰው "ድጋፍ ፈልግልኝ" ሲባል ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፦ ያገኘሁትን ማን ይፈትነዋል? ከአለቃው በቀር ማንም ካልሆነ፣ ተቃራኒውን ማስረጃም ጽፎ ከአስተያየቱ ጋር ማስገባት አለበት። ኖይ ተቃራኒውን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ1627 ራሱ ተከራክሮበታል።

ሁለተኛው ነገር መጠንን ይመለከታል። የኖይ ረቂቅ በወደቦች ላይ፣ ለአንድ ጊዜ፣ ከወንበዴ ለመከላከል የሚቆም ነገር ነበር። ያፈረሰው መዘርጋቱና መደጋገሙ ነው። ወደ መሐል አገር ለመዘርጋት እሱ አስቦ እንደሆነ የታሪክ ሰዎች ይከራከራሉ። ለአርቃቂው ግን ውጤቱ ያው ነው። ሰነድ ከእጅ ከወጣ በኋላ የሚመጣው ሰው የአርቃቂውን ጥንቃቄ አያውቅም፤ ቃሉን ብቻ ነው የሚያነበው። የጊዜ ገደብና የቦታ ወሰን በጽሑፉ ውስጥ ከሌለ፣ አርቃቂው በልቡ ይዞት የነበረው ወሰን እንዳልነበረ ይቆጠራል።

የንጉሡን ወገን ስናይ ደግሞ፣ ተቃዋሚን መሾም ርካሽ መፍትሔ ይመስላል። ሰውየውን ታገኛለህ፣ ጠላት ይቀንስልሃል። የቻርልስ መንግሥት ኖይን አገኘ፤ የኖይን ክርክር ግን ማንም ሊሾመው አይችልም። የ1627ቱ ሙግት ተጽፎ ቀርቷል፣ የመብት አቤቱታው በሕግነት ቆሟል፣ ሴንት ጆንም እነዚህን መሠረት አድርጎ ተነሣ። በዚያ ላይ ቤተ መንግሥቱ ያጣው ነገር አለ። ኖይ ውጭ ቢሆን ኖሮ ይህ አያስኬድም ብሎ ቀድሞ የሚነግር ሰው ይኖር ነበር።

የመጨረሻው ተግባራዊ ነው፤ ማኅደርን ይመለከታል። ሴንት ጆን ሊመልስ የቻለው ግንቡ ለእሱም ስለተከፈተ ነው። ፈልጎ ለማግኘት ገንዘብና ጊዜ ወጣበት እንጂ በሩ አልተዘጋበትም። ዛሬ መዝገብ ቤት የሚመሩ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን የማሳተም ኃላፊነት ያለባቸው ሰዎች ይህን ልብ ቢሉ ጥሩ ነው። የቆየ ውሳኔ ለመንግሥት ጠበቃ ብቻ የሚደርስ ከሆነ፣ በሌላው ወገን የቆመው ጠበቃ ምንም ቢተጋ የሚጠቅሰው ነገር አይኖረውም። ውሳኔዎች በቁጥርና በርዕስ ተለይተው፣ ማንም በሚፈልግበት ቦታ መቀመጥ አለባቸው፤ የተሻሩትም ጭምር።